ገደልም ተራራም ያነበበው ጓድ ታፈሰ

ግራፍ የሚተረጉም ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? የሚያነብ አላልኩም፤ የሚተረጉም ነው ያልኩት። እኔ አጋጥሞኛል፤ ያውም አለቃዬ ነበር።

በአብዮቱ ዘመን ጂንካ ውስጥ የዝናብ መጠን እየለካሁ ግራፍ እሥል ነበር። መተርጎሙ የጓድ ታፈሰ ሥራ ነው። አንድ ቀን የማሽላ መዝሪያ ጊዜ ለሐመር ገበሬዎች ልናስረዳ ዲመካ ወረድን። ሾፌራችን ግራፉን ዛፍ ላይ ገልብጦ ሰቀለው። ቁጥሮቹ በአናታቸው ቆሙ፤ መሃል ላይ ተራራ መስሎ የነበረው መስመርም ገደል ሆነ።

ጓድ ታፈሰ ምንም አልመሰለውም። ገደሉን በዱላ እየጠቆመ፣ "ውሃ የሚጠራቀመው ዝቅ ያለ ቦታ ነው። ስለዚህ ብዙ ዝናብ ያለው እዚህ ጋ ነው" አለ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ጠጋ ብዬ፣ "ጓድ፣ ተገልብጧል" አልኩት። ሳይደናገር አቃናው።

"ደመና የሚያርፈው ደግሞ ተራራ ላይ ነው። ስለዚህ ብዙ ዝናብ ያለው አሁንም እዚሁ ጋ ነው።"

ከፊት የተቀመጡ አንድ የሐመር ሽማግሌ ትንሽ አሰቡና፣ "በጎን ብትሰቅለውስ?" ብለው ጠየቁ።

"ያኔ ዝናቡን የሚያመጣው ነፋስ ነው።"

"ገባኝ። ታዲያ ማሽላውን መቼ እንዝራ?"

ጓድ ታፈሰ ዱላውን ወደ እኔ አዞረ። "እሱን የሣለው ይነግርዎታል።"

የገዛ ግራፌን አየሁት። አንገቴን ወደ ቀኝ አዘነበልኩ፤ ወደ ግራም አዘነበልኩ። ይኸው፣ እስከ ዛሬ አልተቃናልኝም።