ሊሙ ገነት የቀረው ጣሳ

ሊሙ ገነቶች ዋንጫዬን ወስደውብኛል። አራት ነጥብ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ እያልኩ ኖሬአለሁ። ዛሬ የሆንኩትን ስነግራችሁ ግን ሳቁን ቀስ አድርጉት።

(የምጽፈው ራሴ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ከሸበትኩ በኋላ ስለሆነ፣ ኮመንት ላይ ግድፈት የምትለቅሙ ልጆች ሌላ ሥራ ፈልጉ።)

ወጣት ሳለን አንድ የቡና ባለሙያ ጅማ ተመድቦ መጣ። አገሮች በወንዶች ቴኒስ በቡድን እንደሚጋጠሙ የነገረን እሱ ነው። አራት ጨዋታ አንድ ለአንድ፣ አንዱ ደግሞ ጥንድ ለጥንድ። ሦስት ያሸነፈ አገር ያልፋል።

እኛ አገር ከየት እናምጣ? ከተማ አለን!

ጅማ፣ አጋሮ፣ ሊሙ ገነት። በቃ፣ ውድድር ሆነ። ዋንጫው ቡና የሚሰፈርበት ጣሳ ነው።

ሜዳው ቡና የሚሰጣበት ሲሚንቶ። ክረምት አልፎ ቡና እስኪደርስ ባዶውን ነው የሚውለው፣ መስመሩን በኖራ እናሰምርበታለን። መረቡን ከጆንያ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ፍራሽ ሰፊ ነኝ፤ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ያላችሁ ታውቁኛላችሁ።

የምንሄደው በቡና መኪና ጀርባ፣ እየዘፈንን። ስንመለስ ያሸነፈውም የተሸነፈውም አንድ ጆንያ ላይ ይተኛል። እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ከዚያ ወዲህ ተኝቼ አላውቅም።

ያውም ፍራሽ ሰፊ ሆኜ!

የመጨረሻው ዓመት ፍጻሜ ሊሙ ገነት ነበር። ሁለት ለሁለት ሆንን። አምስተኛውን የምጫወተው በጅማ በኩል እኔ፣ በሊሙ በኩል ከማል። ከማል ጓደኛዬ ነበር። ረጅም፣ ለስላሳ፣ ሲስት እንኳ የሚስቅ።

አንድ ነጥብ ቀረኝ። አንድ!

በዚያች ሰዓት የዓመቱ የመጀመሪያ ቀይ ቡና በመኪና ደረሰ።

የሲሚንቶው ባለቤት ሜዳውን ልቀቁ አለን። ቡና መጣ ከተባለ ሊሙ ውስጥ የሚከራከር የለም። መረቤን ፈቱት፣ ቡናውን መስመራችን ላይ አሰጡት። ጣሳው ለጊዜው ከማል ጋ ይቀመጥ ተባለ።

በዓመቱ ባለሙያው ተዛወረ፣ ቡድኑም ተበተነ። ጣሳው ግን ከማል ቤት ቡፌ ላይ ተቀምጧል ሲሉ ሰማሁ። አሸነፍኩ እያለ ነዋ!

ማንንም አልጠየቅኩም። ሲያገባ ጠራኝ፣ ቀረሁ። ልጁን ሲድር ጠራኝ፣ ቀረሁ።

ሰሞኑን ሰቶ ሰመሮ ሰፈር፣ እህቴ ቤት፣ የአገሮቹን ውድድር በዲሽ እያየሁ ጨዋታው በዝናብ ተቋረጠ። በማግስቱ ከቆመበት ነጥብ ቀጠሉት።

ከቆመበት!

ራኬቴን ከአልጋ ሥር አወጣሁና ዛሬ ጠዋት ሊሙ ገነት ገባሁ።

ከማል ሸብቷል። "አካም ጅርታ ተካ፣ ኮቱ፣ ና ግባ፣ ምነው እንዲህ ጠፋህ?" ብሎ አቀፈኝ። እኔ ፊቴን እንዳኮሳተርኩ፣ ጨዋታችንን ልንጨርስ ነው የመጣሁት አልኩት።

ግራ ገባው።

"አንተ እኮ አሸንፈሃል" አለኝ። "ወላሂ፣ ለልጆቼ እንደዚያ ነው የነገርኳቸው። ጣሳውን መጥተህ ትወስዳለህ ብዬ ነው ያስቀመጥኩልህ።"

ሴት ልጁ ጣሳውን ይዛ ወጣች። ተወልውሎ ያበራል። "ጋሼ ተካ እርስዎ ነዎት?" አለችኝ። "አባቴ የእርስዎን ምት እያወራልን ነው ያደግነው።"

እዚህ ጋ ጤነኛ ሰው ምን ያደርጋል? ጣሳውን ይቀበላል፣ ምሳውን ይበላል፣ ይስቃል።

እኔ በስጦታ አልወስድም፣ በሜዳ ነው አልኩ።

ያው ሲሚንቶ ተጠረገ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ሰርቭ አደረግኩ። ከማል ኳሷን አውቆ ወደ አጥሩ ሰደዳት።

አለቀ። አሸነፍኩ! እዚህ ጋ ልጥፉ ማለቅ ነበረበት።

"በል ጣሳህን ውሰድ" አለኝ እየሳቀ።

"ይደገም። ለቀህልኝ ነው። የምርህን ምታ።"

"የምሬን?"

"የምርህን።"

የምሩን መታ።

ጉዳቱን አልዘረዝርም። ነጥቧ ሄደች፣ ጌሙ ሄደ፣ ግጥሚያው ሄደ፣ ትንፋሼም ተከትሏቸው ሄደ። ከማል በየመሃሉ እንተወው ይለኛል፣ እኔ ምታ እላለሁ። መጨረሻ ላይ ሲሚንቶው ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ። ውሃ ያጠጣችኝ ልጁ ናት።

ጣሳውን እንደገና አቀረበልኝ። እንዴት ብዬ ልውሰድ? ከቆመበት ይቀጥላል ብዬ ሕግ የጠቀስኩት እኔው!

"ያንተ ነው ከማል" አልኩት። ሳልወድ በግዴ።

ምሳ በላን። ስለ ቡናው መኪና አወራን፣ ዘፈኑንም ግማሹን አስታወስነው። ከዚያ የልጁን ሰርግ ቪዲዮ ከፈተልኝ። ሁሉም አሉ፤ የአጋሮዎቹ፣ የጅማዎቹ፣ ያ ሁሉ ቡድን ሸብቶ ይጨፍራል። እኔ ብቻ የለሁም።

ሠላሳ ዓመት ሊሙ ገነት ውስጥ አሸናፊ ነበርኩ። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሊሙ ድረስ ሄጄ፣ ባወቅኩ በሰዓቱ ለምኜ ተሸነፍኩ። ከእናንተ መሃል እንዲህ ያደረገ አለ?

ክርክሩ ተዘግቷል። ሊሙ ገነት፣ እሁድ፣ መስከረም 18።