ሲስተር ማርታ ማኅበራችን የገባች ዕለት ከአፌ ያመለጠኝ ነገር

ዛሬ በገዛ አፌ እንዴት እንደተዋረድኩ ልንገራችሁና እንደ ልባችሁ ሳቁብኝ።

እዚህ ጂንካ የወንዶች ማኅበር አለን። አባል ሲታመም፣ ትዳሩ ሲናጋ ተሰብስበን እንመክራለን፤ የሰማነውን ውጭ አናወራም። ሴት አናስገባም። ለምን? «ሴት ምስጢር አትችልም» ተብሎ ነዋ።

ይህን ቃል አብዝቶ የሚናገረው ማን መሰላችሁ? ጸሐፊው፣ እኔ።

ባለፈው ወር አንድ ሽማግሌ አባላችን አረፉ። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት፤ ነርስ ናት፣ ማርታ እንበላት። ስሟን ቀይሬዋለሁ፣ የራሴ ውርደት ግን እንዳለ ነው።

በደንባችን የአባትን ቦታ የሚወርሰው ወንድ ልጅ ነው። ዛሬ ከሰዓት ስብሰባችን ላይ መጥታ ቆመች።

«ወንድም የለኝም» አለች። «እናቴም አልጋ ላይ ናት። ነገ አንድ ነገር ብትሆን ከማን ጋር አለቅሳለሁ? የአባቴን ቦታ ስጡኝ።»

ሰብሳቢያችን ጋሽ ዘውዴ አቀረቀሩ። እኔ ግን ተነሳሁ። ፕላን ነበረኝ፤ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር እጠይቃታለሁ፣ ከመለሰች «አያችሁ፣ አወራች» እላለሁ።

«ሲስተር፣ እግሬን የሰፋሽልኝ አንቺ ነሽ። ምን ሆኜ ነበር?»

«የታካሚ ነገር አላወራም።»

«እኔ ፈቅጄልሻለሁ። ከሞተር መውደቄን ሁሉም ያውቃል።»

ዝም አለች።

እዚህ ጋ ልናዘዝ። ከሞተር አልወደቅኩም። ለማኅበሩ «ወደ ሃና ከተማ በሚወስደው መንገድ አንዲት እናት እንዳልገጭ ስሸሽ ወደቅኩ» ብዬ ነበር። ማር ይዘው ጠይቀውኛል፣ ጸልየውልኛል። እውነቱ ግን ቅዳሜ ገበያ ስዞር አንዲት ፍየል በቀንዷ ገፍታ ቆርቆሮ ላይ ጥላኝ ነው። ይህን የምናውቀው እኔና ማርታ ብቻ ነን። ውሸቴን ደጋግሜ ከማውራቴ የተነሳ ግን ስጠይቃት እውነቱን ረስቼው ነበር።

ዝምታዋ አስጨነቀኝ። በዚያ ላይ ከኋላ አንዱ ስልኩን እያየ ሳቀ። በቃ አወቁ ብዬ ላብ አጠመቀኝ።

«ከኋላዬ መጥታ ነው እኮ» አልኩ። «ፍየል ከኋላ ስትመጣ ማን ያያል?»

ጋሽ ዘውዴ መነጽራቸውን አወለቁ። «የምን ፍየል?»

አለቀልኝ።

ሳቁ እስኪበርድ ቆየ። ማርታ ብቻ አልሳቀችም። ጋሽ ዘውዴ እንባቸውን ጠርገው «እንግዲህ ፈተናውን አይተናል፤ የወደቀውም ወንድ ነው» አሉ። እጅ ይውጣ ሲባል የመጀመሪያው የእኔ ነበር። በሙሉ ድምፅ ገባች።

ደጅ ላይ ደረስኩባት። «ሲስተር፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ለምኑ?» አለችኝ፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው። ከዚያ እናቷ መድኃኒት የምትወስድበት ሰዓት ደርሶ ቸኩላ ሄደች።

እዚያው ቆሜ አሰብኩ። ከማኅበሩ አባላት አብዛኞቻችንን አክማለች። የስንታችንን ጉድ ይዛ ነው ስንት ዓመት ገበያ ላይ በፈገግታ ሰላም ስትለን የኖረችው?

እኔ አንድ ጠብታ ምስጢር ከበደኝ። ይኸው፣ ቤቴ እንኳን ሳልገባ ለእናንተ እያወራሁ ነው። ምን ይሻለኛል?