ሁሉን ለብቻቸው የሚሠሩት ክቡር አለቃ

ሰው ማዘዝ የማይሆንለት አለቃ የሌለበት መሥሪያ ቤት ካለ፣ ገና አልተከፈተም ማለት ነው። እንዲህ ያለው አለቃ ብዙ ጊዜ ወጣት ነው፤ ቁልፉን ሁሉ ወገቡ ላይ ያንጠለጥላል፣ ምሳውን ቆሞ ይበላል፣ ሰው ሊያግዘው እጁን ሲዘረጋ «ተዉት፣ እኔ እሠራዋለሁ» ይላል። የልብስ ስፌት ቤቱ ክቡር አለቃም ከዚሁ ወገን ናቸው። ጢማቸው ገና በቅጡ ባይበቅልም ሹመት ሹመት ነውና አንቱ እንበላቸው።

ታላቅ እህታቸው እዚያው ቤት ልብስ ትተኩሳለች። እሷ እንደምትመሰክረው ክቡርነታቸው ከልጅነታቸው እንዲሁ ነበሩ። የሰፈሩ ኳስ ቡድን አምበል ሳሉ ራሳቸው አቀብለው፣ ራሳቸው ሮጠው፣ ራሳቸው ይስቱ ነበር። የክፍል አለቃ ሆነው የረባሾችን ስም ሲጽፉ ደግሞ የራሳቸውን ከሁሉ በላይ አሰፈሩ፤ መምህሩ «አንተ ምን አጠፋህ?» ቢሏቸው፣ «ሳላጠፋ አልቀርም» አሉ።

ሠራተኞቹ ይህን አያውቁም። እነሱ የሚያዩት የሰፉትን ኮሌታ ፈትቶ እንደገና የሚሰፋ ልጅ ነው። «ይሄ ልጅ ንቆናል» ይባባላሉ። እህትየውም ብትሆን፣ ሹመት ራሱ ላይ ወጥቶበታል ብላ ከተቀየመችው ቆይታለች።

ዘንድሮ የአንድ ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ትእዛዝ መጣ። የስፌት ቤቱ ባለቤት ቁርጡን ነገሯቸው፦ «ትምህርት ሳይከፈት ካላደረስክ፣ አለቅነቱን ለሌላ እሰጣለሁ።» ክቡርነታቸውም ጨርቅ ሲቆርጡ ያረጁትን ጋሼ ቆራጩን፣ «ተዉት ጋሼ፣ እኔ እቆርጠዋለሁ» አሏቸው። ግራና ቀኝ እጅጌ አብሮ እንዲወጣ ጨርቁን ፊት ለፊት እያጋጠሙ መደረብ ሲገባቸው፣ ሁሉንም ፊቱን ወደ ላይ አድርገው ደረቡና ቆረጡ። ሰፊዎቹ እጅጌ ወደ መግጠሙ ሲደርሱ፣ የተቆረጠው ሁሉ የግራ እጅ ሆኖ ተገኘ።

«ልጆቹ ቀኝ እጃቸውን ቤት ትተው ይምጡ እንዴ?» አለች አንዷ ሰፊ። የሳቀላት የለም።

እህት ፈልጋ ፈልጋ ከጨርቅ ጥቅሎቹ ጀርባ አገኘችው። ቁጭ ብሎ አንድ እጅጌ ያገላብጣል።

«እኔው እጨርሰዋለሁ» አላት፤ «ብቻዬን አድሬም ቢሆን።»

«ይሄ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ውጣና አግዙኝ በላቸው።»

«እምቢ ቢሉኝስ?»

እህት ይህን አልጠበቀችም ነበር። ክንዱን ይዛ ሠራተኞቹ ፊት አወጣችው።

«አጥፍቻለሁ» አላቸው መሬት መሬት እያየ። «እባካችሁ አግዙኝ።»

ጋሼ ቆራጩ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። «እኛ እኮ እስከ ዛሬ ንቀኸን መስሎን ነበር» አሉት።

«እናንተን?» አለ ደንግጦ። «ኧረ በፍጹም! ለእኔ ብሎ ማን ይደክማል ብዬ ነው እንጂ።»

ጋሼ ከትልልቆቹ ልጆች ትርፍ የግራ እጅጌ ተቆርጦ የትንንሾቹ ቀኝ እንደሚወጣ፣ ለትልልቆቹም የቀረው ጨርቅ እንደሚበቃ በመቀሳቸው ጫፍ እያሳዩ ተናገሩ። የስፌት መኪናዎቹ ተራ በተራ መንጫጫት ጀመሩ።

እህት ወደ ካውያዋ ተመለሰች። ትዕቢተኛ ስትለው የከረመችው ወንድሟ፣ ለካ ሰው ይወደኛል ብሎ አስቦ እንኳ አያውቅም። ቀና ስትል ጋሼ፣ «ና እንጂ አለቃ፣ ጨርቁን ወጥረህ ያዝልኝ» ይሉታል። እሱም በሁለት እጁ ጥብቅ አድርጎ ያዘላቸው።