የደምሴ ቁጥር ዋስ አጣ

መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው። እኔ ቀድሜ ነቅቼ፣ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ባለው ቤታችን ደጅ ቡና ላሰጣ ሰሌን እየዘረጋሁ ነበር። ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲመጡ አየሁ። ባሌ ደምሴ ለሕክምና አዲስ አበባ ከሄደ ሰንብቷል። ማን ሞተ ብዬ ልጠይቅ? ሰሌኑ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሐዘንተኛ ይስቃል ወይ? ይስቃል። ለቅሶ ቤት የተቀመጠው ሁሉ የሚያነሳው የደምሴን ቁጥር ነበርና።

ደምሴ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ሌላው ሰው መሬት ይወዳል፣ በቅሎ ይወዳል። እሱ 142857ን ይወድ ነበር። አንድ ቀን ለሰፈር ልጆች ሊያስረዳ በራችን ላይ በጠመኔ ጻፈው። ሳያጠፋው ተኛ። ዘመኑ ደግሞ ደርግ ነው፤ በር ላይ ለተጻፈ ሁሉ ባለቤት ይፈለግለታል።

ጠዋት አብዮት ጥበቃዎች መጡ። የማን ስልክ ነው አሉት። የጅማ ስልክ ይህን ያህል አይረዝምም አላቸው። ዝም ቢል ምን ነበረበት? እንግዲያው የምስጢር ቁጥር ነው ብለው ቀበሌ ወሰዱት። ያን ጊዜ ቀበሌ ገብቶ አለመውጣትም ነበር።

ሮጬ ሄርማታ ሰፈር፣ ቡና ነጋዴው አባ ፎጊ ዘንድ ሄድኩ። ዋስ ሊሆኑልን ተከትለውኝ መጡ።

«ማሎ፣ እባክዎ ጓድ ሊቀመንበር፣ ልቀቁልን። ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ።

«ለሰውየው ነው ለቁጥሩ?»

«ሰውየውን አውቀዋለሁ። ቁጥሩን ግን ወላሂ አላውቀውም።»

ይኸው! ቁጥሩ ዋስ አጣ። እንግዲያው ራሱ ይናገር ተባለ። የመሠረተ ትምህርት ሰሌዳ ነበር፤ ለደምሴ ጠመኔ ሰጡት። እሱ ደግሞ ጠመኔ ከያዘ የት እንዳለ ይረሳል። በሁለት አባዛው፤ 285714። በሦስት፤ 428571። በአራት፣ በአምስት፣ በስድስትም እንደዚያው።

ሊቀመንበሩ ዓይኑን አጠበበ። «እነዚያው ናቸው እኮ!»

«እነዚያው ናቸው። ወንበር ብቻ ይለዋወጣሉ» አለ የኔ የዋህ።

የቀበሌያችን ኮሚቴም ስድስት ሰው ነው። ምርጫ በመጣ ቁጥር ሊቀመንበሩ ገንዘብ ያዥ፣ ገንዘብ ያዡ ጸሐፊ ይሆናል እንጂ አዲስ ሰው ገብቶ አያውቅም። ከኋላ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። የሰባቱን ስንቴ እቤት ሲያባዛው አይቻለሁ።

«ደምሴ፣ በሰባት!» ብዬ ጮህኩ።

በሰባት አባዛው። 999999።

«ሁሉም እኩል ሆኑ፣ ጓድ» አልኩ።

ሊቀመንበሩ ሰሌዳውን ደጋግሞ አየ። ከዚያ አጨበጨበ። «ይኼ ነው ሶሻሊዝም!» ብሎ ለቀቀልን።

መንገድ ላይ አባ ፎጊ አልሐምዱሊላህ ሲሉ ደምሴ አኩርፏል። ምነው አልኩት። በስምንት ሳላባዛው አስቆማችሁኝ አለ። መሬቱ ላይ በእንጨት ጻፈልን፤ 1142856። ከመጨረሻው ላይ አንድ ይወሰድና፣ አንድ ከሁሉም ፊት ይቀመጣል።

አባ ፎጊ በጫማቸው ፈጥነው አጠፉት። «አንተ ሰው፣ ይችን ለአላህ ብቻ ንገር!»

እንግዲህ ሊነግር ሄዷል። እናንተም ነፍሱን ይማር በሉልኝ። እዚያም ሰሌዳ ካገኘ፣ በሰባት ላይ እንዲያቆም ጸልዩለት።