በስምንት አልጋ ወደ ጠፈር

የሰው ልጅ ወደ ጠፈር ለመውጣት ስንት ዘመን እንደደከመ፣ ስንት ብረት እንዳቀለጠና ስንት ነዳጅ እንዳቃጠለ የታወቀ ነው። ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው፣ ስሟን ለትሕትና ስል በማልጠራት ከተማችን ግን ወደ ጠፈር የሚወጣው ተኝቶ ነበር። ይህን የምመሰክረው በከተማዋ ክሊኒክ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የነበርኩት እኔ ነኝ። ማኅተሙም በእጄ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በ1974 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከበላይ አካል በመጣ ደብዳቤ ነው። ጠፈር ላይ የወጣ ሰው እግሩ ምንም ስለማይሸከም አጥንቱ ይሳሳል፣ ጡንቻው ይሟሽሻል ይላል ደብዳቤው። የወዳጅ አገር ሳይንቲስቶች ይህንኑ ምድር ላይ ሆነው ለማየት መላ አግኝተዋል፤ ጤነኛ ሰው እግሩን ከፍ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ አርባ ቀን ይተኛል። የደጋ ሰው ደሙ ወፍራም፣ ሳንባው ሰፊ ስለሆነ፣ ከሰሜን ተራሮች ስምንት ፍጹም ጤነኞች ተመልምለው በክሊኒካችን እንዲተኙ ታዟል። ክሊኒካችን በትክክል ስምንት አልጋ ነበራት። የጎደለ ነገር ቢኖር ስምንቱም ላይ በሽተኛ መተኛቱ ነው።

የክሊኒኩ ኃላፊ ጓድ ሀብተ ሚካኤል ችግር የሚፈሩ ሰው አልነበሩም። ስብሰባ ጠሩ።

«ጓዶች በሽተኞች!» አሉ አልጋዎቹ መካከል ቆመው። «የሰው ልጅ ተፈጥሮን በቁጥጥሩ ሥር ለማዋል በሚታገልበት በዚህ ወቅት እናንተ ተኝታችኋል። ስለሆነም መዳናችሁን የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ!»

መጀመሪያ ማንም እጁን አላወጣም። ነገር ግን አምባ ጊዮርጊስ ላይ ከጭነት መኪና የወደቀው ይግዛው ክንዱ በጀሶ ተጠቅልሎ ወደ ላይ ተሰቅሎ ስለነበር፣ ወደደም ጠላም እጁ ወጥቷል። አንድ ድጋፍ ተቆጠረ። ሌሎቹም የወጣ እጅ ሲያዩ ብቻቸውን መቅረት ፈርተው ተከተሉት። ስምንቱም በሙሉ ድምፅ ዳኑና ወደ በረንዳ ወጡ። ከመካከላቸው ሁለቱ ውሳኔውን ባለማክበር እስከ ዛሬ ያነክሳሉ።

የአልጋውን ግርጌ ከፍ ለማድረግ ጡብ ተፈልጎ ጠፋ። ከውይይት ክበቡ ወፋፍራም መጻሕፍት ተሸክመን መጣን። ማንም ገልጧቸው ስለማያውቅ ገና አዲስ ነበሩ። ሰፊው ሕዝብ በጽንሰ ሐሳብ ላይ ሲያርፍ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ስምንቱ ጤነኞች ተራራው ላይ ካለችው መንደር ከጊች መጡ። አለቃቸው ሻረው ኩንታል ገብስ ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ የሚያፏጭ ሰው ነበር። ቁልቁል ተዘቅዝቀው በተኙ በሁለተኛው ቀን ግን ዘመድ ወዳጅ ግቢውን ሞላው። በአገራችን በቀን የተኛ ሰው በሽተኛ ነው፤ በሽተኛ ደግሞ ይጠየቃል። የሻረው አማት ወይዘሮ ደብረወርቅ እርጎ ይዘው ራስጌው ተቀመጡ።

«ምንህን ነው የሚያምህ፣ ልጄ?»

«ኸረ ምኔንም አያመኝም።»

«እህሉስ ይበላልሃል?»

«ጥርግ አርጌ ነው የምበላ።»

«እንቅልፍስ?»

«ከሱ ሌላ ምን ሥራ አለኝ?»

ወይዘሮ ደብረወርቅ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ወደ ጎረቤታቸው ዞሩ። «ይቺ ስም የሌላት በሽታ ናት! ሲብስበት ነው ደህና ነኝ የሚል» አሉና ለቅሶውን ለቀቁት።

ለቅሶው ቄስ ገብረ ሚካኤልን አመጣቸው። እነዚህ ሰዎች ወዴት ነው የሚሄዱት ብለው ጠየቁኝ፤ ወደ ጠፈር አልኳቸው።

«ጠፈርማ በሁለተኛው ቀን፣ ሰኞ ነው የተፈጠረ። ውሃን ከውሃ የለየ ነው። ኸዚያ ሰው ምን ሊሠራ ይሄዳል?»

«ለሳይንስ ነው፣ አባ።»

«እንዲያ ከሆነ ንስሐ ይግቡ።»

ስምንቱም ገቡ። እኔም «የተናጠል ቃለ መጠይቅ» ብዬ መዘገብኩት።

በአሥረኛው ቀን ያርጋል የሚባል የጊች ገበሬ ሚስቱን አረጋሽን በቃሬዛ አምጥቶ በራችን ላይ አሳረፋት። ጎረቤቶቹ እየተቀባበሉ ሁለት ቀን ሙሉ ተሸክመዋታል።

«ጌታው፣ አልጋ ፈልጌ ነው።»

«ጓድ በል!» አሉት ጓድ ሀብተ ሚካኤል።

«ጓድ ጌታው፣ አልጋ ፈልጌ ነው።»

«ምን ሁና ነው?»

«ውጋት ይዟታል፤ እንደ እሳት ትፋጃለች። ስታስል ደም ይቀላቅላል።»

ጓድ ሀብተ ሚካኤል ከልባቸው አዘኑ። «ምን ያደርጋል! ጤነኛ ብትሆን ኖሮ እናስተኛት ነበር።»

ያርጋል አሰበ፣ አሰበና «ጤነኛ ብትሆንማ ምን ልታረግ ትመጣለች? አልጋ የበሽተኛ መስሎኝ» አለ።

«አየህ፣ ኋላ ቀር አስተሳሰብ የሚባለው ይህ ነው።»

መርፌም የሚወጋው አልጋ የያዘ ብቻ ነበር። አረጋሽን ከነቃሬዛዋ በረንዳው ጥግ፣ ከዳኑት በሽተኞች አጠገብ አስቀመጧት። የኅዳር ውርጭ እንዴት እንደሚቆረጥም ለአገሬው አልነግርም። ነርሷ ስጦታ ግንባሯን ዳሰሰችና ወደ እኔ መጣች። «ሁለት ሌሊት እንዲህ ካደረች ትሞታለች» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ራራሁላት። ግን ርኅራኄ በመመሪያው ላይ ስላልተጠቀሰ ደብዳቤዎቼን ማኅተም መምታት ቀጠልኩ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ፤ ያን ጊዜ ግን የሚታፈርበት ሰዓት አልነበረኝም።

አንድ ሌሊት አደረች። በነጋታው ከስምንቱ አንዱ፣ ውቤ የሚባለው፣ ያለ ፈቃድ ወደ ምድር ተመለሰ። ገብሱ ደርሶበት ነው፤ በመስኮት ወጥቶ አጨዳ ሄደ። ልክ በዚያው ሰዓት ስልክ ተደወለ፤ ከሰዓት በኋላ ተቆጣጣሪ መጥቶ ስምንት ሰው በስምንት አልጋ ላይ ይቆጥራል።

ጓድ ሀብተ ሚካኤል ላብ አጠመቃቸው። «አንድ የጊች ጤነኛ! አሁኑኑ! ካልሆነ አለቅን!»

«በረንዳ ላይ አንድ የጊች ሰው አለች» አለች ስጦታ።

«እሷ በሽተኛ አይደለችም እንዴ?»

«ጤንነት የሚረጋገጠው በወረቀት መስሎኝ» አለችና አየችኝ።

ጓድ ሀብተ ሚካኤልም አዩኝ። ማኅተሙን አነሣሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ጠንክሬ ማኅተም መትቼ አላውቅም፤ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። ጓድ አረጋሽ በሙሉ ጤንነት ላይ መሆኗ፣ ከዚህም በላይ የሴቶችን ተሳትፎ የምታሟላ መሆኗ ተረጋገጠ። አራት ሰዎች ጤነኛዋን ደግፈው አስተኟት።

ተቆጣጣሪው ሲመጣ ስምንት ቆጠረ። አረጋሽ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። «ይህችስ? ሙቀቷ ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ይላል!»

«የአብዮታዊ ስሜት ግለት ነው» አሉ ጓድ ሀብተ ሚካኤል።

«ታስላለች እኮ!»

«መፈክር ልታሰማ ጉሮሮዋን እየጠረገች ነው።»

ተቆጣጣሪው ረክቶ ፈረመ። ስጦታ ያንኑ ዕለት ፔኒሲሊን ጀመረችላት። ጤነኛ ሰው ፔኒሲሊን ስለማይወጋ መዝገቡ ላይ «የጠፈር ክትባት፣ በቀን ሁለት ጊዜ» ብዬ አሰፈርኩት። በሳምንቱ ትኩሳቷ ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ ስጦታ ማታ ማታ ደግፋ ታራምዳት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የሻረውን እርጎ ጭምር መጠጣት ጀመረች። ሻረውም አልተከላከለም፤ እጁን ማንሣት ሰልችቶት ነበር።

አርባው ቀን ሲሞላ የወዳጁ አገር ፕሮፌሰር ከአስተርጓሚያቸው ጋር መጡ። ግቢው ውስጥ «ተኝተንም ቢሆን ወደፊት!» የሚል ጨርቅ ተሰቀለ። ያርጋልም ሚስቱን ሊወስድ በቅሎ እየሳበ መጥቶ ከሕዝቡ መሐል ቆሟል። ስምንቱ ከአልጋ ተነሥተው አሥር እርምጃ እንዲሄዱ ታዘዘ።

ሻረው ቆመ፣ አንዴ ተወዛወዘና ተቀመጠ። ሁለተኛው ቆሞ ሦስተኛው ላይ ወደቀ፤ ሦስተኛው ሌሎቹን ይዞ ሄደ። ሰባት ጎበዝ ተራ በተራ ተነባበረ። አረጋሽ ብቻ ተነሣች፣ መቀነቷን አጠበቀች፣ በወደቁት መካከል ቀሚሷን ሰብስባ አለፈችና «ያርጋል የት አለ? በቅሎዋን ውሃ አጠጣት?» አለች።

ፕሮፌሰሩ መዝገቡን ጠየቁ። በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ስትገባ ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት፣ ሳል፣ የጠፈር ክትባት በቀን ሁለት ጊዜ፤ ሁሉም በእኔ እጅ ተጽፏል። ፕሮፌሰሩ አስተርጓሚያቸው እያነበበላቸው ቆዩ። ስጦታን አዩ፣ አረጋሽን አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው ሲስቁ ነው መሰለኝ፣ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ረጅም ንግግር አደረጉ።

አስተርጓሚው አሳጠረው። «ለጤነኛ ሰው አልጋ ጎጂ መሆኑ ተረጋግጧል። ከእንግዲህ እዚህ የሚተኙት እንደ ጓድ አረጋሽ የሚያተኩሳቸውና የሚያስላቸው ብቻ ይሁኑ፤ ክትባቱም ሳይቋረጥ ይሰጣቸው ብለዋል።»

ጭብጨባው ግቢውን አናወጠው። ይግዛው በአንድ እጁ ጭኑን እየመታ አጨበጨበ። ጓድ ሀብተ ሚካኤል መድረክ ላይ ወጡ፤ ዐይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ጓዶች! ትንሿ ክሊኒካችን አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ባካሄደችው ምርምር ለዓለም ሳይንስ አዲስ ግኝት አበርክታለች! አልጋ የበሽተኛ ነው!»

ያርጋል አረጋሽን በቅሎዋ ላይ ሲያስቀምጥ ጓድ ሀብተ ሚካኤል እጅ ሊጨብጡት ወረዱ።

«ጓድ ጌታው» አለ፣ «ይህንን እኔ ኸዚሁ በር ላይ ቁሜ ነግሬዎት አልነበር?»

ጓድ ሀብተ ሚካኤል ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «ነግረኸኝ ነበር» አሉት፤ «ግን ያለ ጥናት ነው።»