ሙዝ ውስጥ ያየኋቸው አፍራሾች

ትናንት እሁድ ጠዋት ሽማግሌ ስጠብቅ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝና ዓለም ሁሉ ተገልብጣ አየኋት።

ሽማግሌዎቹ የሚመጡት ልጄን መስታወትን ለጌዲዮን ሊጠይቁ ነበር። እኔ ደግሞ እምቢ ልል ቆርጫለሁ። በመጀመሪያው ጥያቄ ልጁን የሚሰጥ አባት አባት ነው እንዴ? ለጌዲዮንማ በሦስተኛውም አልሰጥም። ዕድሜዬን ሙሉ አርባ ምንጭ ላይ ጥሬ ሙዝ ክፍል ውስጥ ዘግቼ፣ የነጭ ጋዝ ምድጃ ለኩሼ ሳበስል ኖሬ፣ ይሄ የእርሻ ተማሪ ደንበኞቼ ፊት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ጋሼ፣ ሙዙን የሚያለሰልሰው የእርስዎ ጋዝ አይደለም፤ እዚያው ውስጡ ያለ ኢንዛይም ነው።" ሰው ሁሉ ሳቀብኝ።

በሕልሜ በሩ ተከፈተና ማንጎዎች ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው ገቡ። አንደኛው ቀረብ ብሎ ሆዴን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገኝ። ማንጎ አውራ ጣት ከየት አመጣ አትበሉኝ፤ ሕልም ነው።

"ገና ነው" አለ።

"ድንጋይ ነው እንጂ" አለ ሌላው። "እስከ ማታ ካልበሰለ ለከብት ይሰጥ።"

ከዚያ ገበያ ውስጥ ነበርኩ። ሙዞች ዣንጥላ ይዘው ይሸምታሉ፣ ሰው በዘለላ ታስሮ ተሰቅሏል። የዕቁባችን ዳኛ ከጎኔ ተሰቅሎ አንዲት ሎሚ ጉንጩን እየቆነጠጠች ትከራከራለች። እሱ እንኳ ገዢ አገኘ። እኔን ዞር ብሎ የሚያየኝ ጠፋ፤ ለከብት መሆኔ ነው ብዬ ፈራሁ።

ማንጎዎቹ ወስደው የራሴ ማብሰያ ክፍል ውስጥ ወረወሩኝ። ምድጃዬ ወንበር ላይ እግሯን አነባብራ ተቀምጣለች።

"በይ ቶሎ አብስይኝ" አልኳት።

"እኔ እንደ እድር ጥሩንባ ነፊ ነኝ" አለችኝ። "እጠራለሁ። መጥተው የሚሠሩት ሌሎች ናቸው።" ይህን ብላ ነፋች።

ወለሉ ተከፈተና ሙዝ ውስጥ ገባሁ። ውስጡ ከተማ ነው፤ የጭቃ ቤት ከጭቃ ቤት ጋር ተጣብቆ መተላለፊያ የለም። እዚያ አገር የሚታሰረው ግንበኛ ነው። ጭቃ ሲያቦካ የተያዘ ሰውዬ በፖሊስ ሲነዳ አየሁ። አፍራሽ ሲመጣ ግን ነዋሪው ደግሶ ይቀበላል፣ "እባካችሁ የኔን አስቀድሙልኝ" እያለ ይለምናል።

አፍራሾቹ የጤፍ ፍሬ አያክሉም። አለቃቸው ቀሚሷን ወገቧ ላይ የሸጎጠች ሴት ነበረች።

"ማን ልበል?" አልኳት።

"ኢንዛይም" አለች፣ ቀና ሳትል።

ስሙን ስሰማ ደሜ ፈላ። ሥራዋን ሳይ ግን አፌን ይዤ ቀረሁ። መዶሻ የለ፣ ድጅኖ የለ። አንዷ የግድግዳውን ምርግ ታረጥባለች፤ ተከታይዋ የራሰውን እየቆረሰች ታነሳለች፤ ሌላዋ ማገሩን ያሰረውን ልጥ ትፈታለች። የምርጓ ልጡን አትነካም፣ የልጧም ምርጉን። አቤት ሙያ። ስንት አናጺ አሠርቻለሁ፣ እንዲህ የሚግባባ ሠራተኛ ግን በዓይኔ አላየሁም።

"ለምን አንዴ አትንዱትም?" ብዬ ጠየቅኋት።

"ከናድነውማ በሰበሰ። ቤቱ ይቁም፣ ከጎረቤቱ መጣበቁን ብቻ ይተው። ሰው ሲነክሰው እሺ እንዲል ያህል ነው የምንሠራው።"

"ከየት መጣችሁ?"

"ከየትም አልመጣንም፤ እዚሁ ነን።"

እንባዬ መጣ። እንዲህ ያሉ እጆች ቤቴ ውስጥ ሲለፉ፣ እኔ ምስጋናውን ለጋዝ ስሰጥ ኖሬያለሁ። ይህን ሳስብ አፍራሾቹ ደረቴ ላይ ወጡ።

"ይሄ ግድግዳ ክፉ ነው" አለች አለቃዋ። "ማን ነው የመረገው?"

"ጌዲዮን ነው።"

"ታዲያ ጭቃው አንተ እጅ ላይ ምን ይሠራል?"

እጄን አየሁት፤ እውነቷን ነው። አረጠቡኝ፣ ቆረሱኝ፣ ልጤን ፈቱት። ትከሻዬ ላላ፣ መንጋጋዬ ላላ። እንዴት ደስ እንደሚል ልነግራችሁ አልችልም። ማንጎው ተመልሶ ሆዴን ጫን አደረገው።

"በሰለ" አለ። "እሺ ይበልጣል ከሺ። በል ተናገር።"

"ሰጥቻለሁ!" ብዬ ጮህኩ። "መስታወትን ለጌዲዮን ሰጥቻለሁ፤ ዛሬውኑ ውሰዷት!"

የራሴ ጩኸት ቀሰቀሰኝ። ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ ቆመዋል፤ የኋለኛው አንድ እግሩ ገና ደጅ ነው። ሚስቴ ከጓዳ እልልታዋን ታቀልጠዋለች። አንጋፋው አቶ ሻንቆ ባርኔጣቸውን አውልቀው አንዴ እኔን፣ አንዴ ጓደኞቻቸውን አዩ።

"አቶ ባልቻ" አሉ ቀስ ብለው፣ "እኛ እኮ ገና እንደምን አደራችሁ እንኳ አላልንም።"