ክብርት ወይዘሮ ምን ሆና ነው

ያ ክረምት ሲታወሰኝ ቀድሞ የሚመጣብኝ በሩ ሥር የሚደረደረው የእርጥብ ጃንጥላ ሽታ ነው። ባሌን የቀበርኩበት ዓመት ስለነበር ዝናቡም ቤቱም ከብዶኝ ነበር። በዚያ ዕድሜዬ ሥራ አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅሁም። አንድ ትልቅ የኮምፒውተር ኩባንያ ግን የወጣት ጆሮ ብቻ አይበቃኝም፣ የአሮጊትም እፈልጋለሁ አለ። ሄድኩ።

ሥራው እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ የማናውቀውን ሰው ድምፅ ቆንጠር አድርጎ ያሰማናል። እኛ ሰምተን ካራቱ ቁልፍ አንዱን እንጫናለን፤ ደስታ፣ ንዴት፣ ኀዘን፣ ምንም። ማሽኑ ከኛ እያየ የሰውን ስሜት ይማራል ተባልን። አንዱን ድምፅ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይሰሙታል። መልሳቸው ካልገጠመ የሁለቱም ነጥብ ይወርዳል።

እንግዲህ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ ሆድ አንባቢ አይጠፋም። ሠርግ ላይ አለ፣ ለቅሶ ላይ አለ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ አለ። ገና እንደምን አደርክ ከማለታችሁ የቤታችሁን ጉድ ዘርግፎ ይነግራችኋል። የኛ ክፍል ድርሻ ደግሞ ከኔው ጎን ተቀመጠች። ክብርት ወይዘሮ ምን ሆና ነው ብለን ስም አወጣንላት። ድምፅ በሰማች ቁጥር ማዳመጫዋን ካንድ ጆሮዋ ገፋ አድርጋ "ቆይ፣ ምን ሆና ነው?" ትላለችና።

እኔ ስንቱን ሰምቼ ስጨርስ ክብርትነታቸው ገና የመጀመሪያዋን ሴትዮ ትዳር እየሸመገሉ ነው።

"እትዬ፣ ይቺ ልጅ የምትኖረው ከአማቷ ጋር ነው።"

"አንቺ፣ መብራቱን አጥፉት ነው እኮ ያለችው።"

"እሱማ ነው። ግን በገዛ ቤቱ መብራት የሚያስጠፋ ሰው እንዲህ ይለማመጣል?"

አንድ ሕፃን ሲጮህ ሁላችንም ንዴት ብለን አለፍን። እሷ ግን ርቦት ነው አለች፤ የረሃብ ቁልፍ ፈልጋ ብታጣ አለቃችንን ጠርታ አምስተኛ ቁልፍ እንዲያስጨምር አዘዘችው። አለቃችን የልጅ ልጄ የሚሆን፣ ታጋሽ፣ እንቅልፍ ያልጠገበ ጎረምሳ ነው። ሌላ ቀን ደግሞ አንድ ወንድ "ዛሬ አየሩ ጥሩ ነው" ሲል ሰማች።

"ምስኪን፤ ሚስቱ ጥላው ሄዳለች" አለች።

አለቃ ከኋላችን ቆሞ ኖሯል። "ያ ድምፅ የኔ ነው፣ እናቴ። ለሙከራ የቀዳሁት ነው። ሚስት የሚባል የለኝም።"

"ታዲያ እኔስ ምን አልኩ፣ ልጄ? ቤት ውስጥ የለችም ነው ያልኩት።"

ሳቁ እየደራ ነጥቧ ወደ ታች ይንሸራተት ነበር። አንድ ከሰዓት አለቃ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ "የሙከራ ጊዜዎ በዚህ ወር ያልቃል። ነጥብዎ ካልተስተካከለ እዚህ የማቆየት ሥልጣን የለኝም" አላት።

የዚያን ቀን ማንንም ምን ሆነ አላለችም። ትሠራበት የነበረው ፈትል ፋብሪካ ከተዘጋ ወዲህ ቤት ተቀምጣ እንደነበር ነግራኛለች። ልጆቿ በየፊናቸው ወጥተው እሷ ከግድግዳ ጋር ማውራት ጀምራ ነበር። "እዚህስ ቢያንስ ሰው ያወራኛል" ትለኝ ነበር፤ በማዳመጫው የሚመጣውንም ሰው እየቆጠረች።

ዓርብ ዓርብ ያልተስማማንባቸው ድምፆች ለሁላችንም ይከፈታሉ፤ ብዙኃኑ ያለው ይጸድቃል። በወሩ መጨረሻ ዓርብ የአንድ ወጣት ድምፅ ተከፈተ። "ደህና ነኝ እማዬ። ደህና ነኝ። በልቻለሁ።"

"አንዷ ምንም ብላለች፣ አንዷ ኀዘን" አለ አለቃ።

"ደህና ነኝ እያለ ኀዘን?" አለ አንዱ ከጀርባ፤ ክፍሉ ሳቀ። ኀዘን ያለችው ማን እንደሆነች ለማወቅ ማንም አልተቸገረም። ምንም ያልኩት እኔ ነበርኩ።

ክርክሯን ልሰማ ተመቻቸሁ። እሷ ግን አቀርቅራ "እሺ፣ ምንም ይሁን" አለች።

እንዲያ ያለች ሴት ለእንጀራዋ ስትል ዝም ስትል ማየት ከበደኝ። "እስቲ ድገመው" አልኩ አለቃን። ደገመው። ያን ጊዜ የሰማሁት ልጁን ብቻ አልነበረም። ማታ ማታ ልጄ ስትደውልልኝ የምመልሰው በዚያው ቃና ነው፤ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ በልቻለሁ።

"መልሴን ቀይሬያለሁ" አልኩ። "ኀዘን ነው።"

"አልበላም እኮ ይሄ ልጅ" አለች አንዷ። "ሥራ አጥቶ ይሆን?" አለ ያ የሳቀው። ትንሽ ቆይቶ ክፍሉ በሙሉ ምን ሆኖ ነው እየተባባለ ይጨቃጨቅ ጀመር። አለቃም ማዳመጫውን ራሱ ላይ አጥልቆ ዓይኑን ጨፈነ።

ነጥቧ በአንድ ድምፅ አልዳነም። አለቃ ግን ለበላዮቹ ጻፈ፤ የማንስማማባቸው ድምፆች ለብቻ ይቀመጡ፣ ይቺ ሴትና ሁለት ሰዎች አብረው እየተከራከሩ ይወስኑ ብሎ። ተፈቀደለት። አንድ ድምፅ ላይ እንዳሻት የምትቆይበት ወንበር ተገኘላት ማለት ነው። እዚያም ቁጭ ብላ ስንቱን ያልተፋታ አፋታች።

ያን ዓርብ ማታ እስከ ታክሲው አብራኝ ሄደች። ዓይኔ መቅላቱን አይታለች፤ የማታየው የላትም። ምን ሆነሽ ነው ግን አላለችኝም። መንገዱን ሙሉ ለአለቃ የምትሆን ሚስት ስታማርጥ ሄደች፤ እኔም እየሳቅሁ ቤቴ ገባሁ። ልጄ ስትደውል ዛሬ ደህና አይደለሁም አልኳት። በማግስቱ ልጆቿን ይዛ መጣች።

ጉልበቴ ደረጃውን እምቢ ሲለኝ ሥራውን ተውኩ። እሷ አሁንም እዚያው ሦስተኛ ፎቅ አለች። ባለፈው ሳምንት ስደውልላት አዲስ ገቢዎችን እያሠለጠነች ነበር።